የጣና ነጭ ዓሣ የት ይራባል? «የመራቢያ ፍልሰት» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ የቀረበ ዳሰሳ

ክረምቱ ሲገባ ወደ ጣና የሚገቡት ወንዞች ሞልተውና ደፍርሰው ይወርዳሉ። በዚያው ሰሞን በሐይቁ ውስጥ ተበታትኖ የከረመው ነጭ ዓሣ ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ መገጭና ወደ ሌሎቹ ወንዞች አፍ ይሰበሰባል። የአካባቢው አስጋሪዎች ይህን ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል፤ መረባቸውንም በዚሁ ልክ ያሰናዳሉ። የሥነ ሕይወት ተመራማሪዎች ለዚህ ክስተት የሚሰጡት ስም «የመራቢያ ፍልሰት» ነው። ሲሰሙት ምንም የሚያከራክር ነገር ያለው አይመስልም፤ ዓሣው ወደ ወንዝ ይወጣል፣ እንቁላሉን ይጥላል፣ ይመለሳል።

በጣና ላይ የተሠራውን ጥናት ከ1990ዎቹ መጀመሪያ እስከ ዛሬ ተከታትሎ ላነበበ ሰው ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በዚህ አንድ ስም ሥር ቢያንስ አራት የተለያዩ ነገሮች ተጠቅልለዋል፦ በወንዝ አፍ መሰብሰብ፣ ወንዙን ሽቅብ መጓዝ፣ እንቁላል መጣል፣ እና በየዓመቱ ወደዚያው ስፍራ መመለስ። ለአንደኛው የተገኘው ማስረጃ ለሌላው ማረጋገጫ ሆኖ ሲቀርብ በተደጋጋሚ ይታያል። በጣና ዓሣዎች ዙሪያ ካሉት ክርክሮች ብዙዎቹ፣ የዝርያ ቁጥር ክርክርንም ጨምሮ፣ ሥራቸው እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከቃሉ አመጣጥ

ለመራባት ቦታ የሚለውጥ ዓሣ መኖሩን የሰው ልጅ ካወቀ እጅግ ረጅም ዘመን ሆኖታል። ሳይንሱ ለክስተቱ የረጋ ትርጉም ለማበጀት የሞከረው ግን በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። እንግሊዛዊው የሥነ ተዋልዶ ተመራማሪ ዋልተር ሂፕ፣ ከሞቱ በኋላ በ1931 በታተመው መጽሐፋቸው፣ ሄዶ በሚቀርና ሄዶ በሚመለስ እንስሳ መካከል ድንበር አሰመሩ። በእሳቸው አገላለጽ ፍልሰት የሚባለው መመለስ ያለበት ጉዞ ብቻ ነው። ጉዞውንም በምክንያቱ ለዩት፤ ለምግብ፣ ከአየር ጠባይ ለመሸሽና ለመራባት የሚደረግ ብለው።

ከዚያ በ1949 አሜሪካዊው የዓሣ ሊቅ ጆርጅ ማየርስ፣ ኮፒያ በተባለው መጽሔት ላይ፣ ተደበላልቀው ይሠራባቸው የነበሩትን መጠሪያዎች መልክ አስያዙ። እንደ ሳልሞን በባሕር አድጎ በወንዝ የሚራባው «አናድሮመስ»፣ እንደ አውሮፓው ኢል በወንዝ አድጎ በባሕር የሚራባው «ካታድሮመስ» ተብለው ተለዩ። ጉዞው ከጨው አልባ ውኃ ጨርሶ ለማይወጣው ዓሣ ደግሞ ማየርስ «ፖታሞድሮመስ» የሚል አዲስ ስም አወጡ። የጣና ነጭ ዓሣ የሚመደበው እዚህ ነው። ችግሩ ስሙ በጣም ሰፊ መሆኑ ነው። በአንድ ወንዝ ውስጥ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወዲያና ወዲህ የሚለው ዓሣም፣ ዓመቱን ሙሉ በሐይቅ ኖሮ ለጥቂት ሳምንት ብቻ ወደ ገባር ወንዝ የሚወጣውም በእኩል ፖታሞድሮመስ ይባላሉ። ሁለቱ የሚኖሩት ኑሮ ግን የተለያየ ነው። ለዚህም ሲባል ከሐይቅ ወደ ወንዝ ለሚወጡት «አድፍሉቪያል» የሚል ተጨማሪ ስም በሌሎች ጽሑፎች ገብቷል፤ በጣና ጥናቶች ግን ብዙም አልተለመደም።

ሦስተኛው ደረጃ ላይ የካናዳው ተመራማሪ ቶማስ ኖርዝኮት አሉ። እሳቸው በ1970ዎቹ መጨረሻ ካቀረቡት ትርጉም የሚወጡት መመዘኛዎች ዛሬም ይሠራሉ፦ ጉዞው ተለይተው በሚታወቁ መኖሪያዎች መካከል መሆን አለበት፣ ወቅቱን ጠብቆ መደጋገም አለበት፣ ከመንጋው ውስጥ ጥቂቱ ሳይሆን ብዙው ክፍል ሊሳተፍበት ይገባል፣ ዓሣው ውኃ እየገፋው የሚሄድ ሳይሆን በራሱ አቅጣጫ የሚጓዝ መሆን አለበት። ከእነዚህ ውስጥ «ብዙው ክፍል» የሚለው በጣና ላይ ከሁሉም የበለጠ ያስቸግራል። ከአንድ ዝርያ 100 ዓሣ ውስጥ 20ው ብቻ ወንዝ ቢገባ፣ ያ ዝርያ ፈላሽ ነው ወይስ አይደለም?

ከጉዞው ስም ጎን ለጎን የመጣል ሁኔታውም የራሱን ምደባ አግኝቷል። ዩጂን ባሎን በ1975 ዓሣዎችን በሚራቡበት መንገድ ሲመድቡ፣ እንቁላላቸውን የማይጠብቁ፣ የሚጠብቁና በአካላቸው ይዘው የሚዞሩ ብለው ከፈሏቸው። በጣና የሚገኘው ቀረሶ እንቁላሉንና ጫጩቱን በአፉ ይዞ ያሳድጋል፤ ስለዚህም ለመራባት ከሐይቁ መውጣት አያስፈልገውም። ነጭ ዓሣው ግን እንቁላሉን በጠጠር መካከል ጥሎ የሚሄድ ነው። ጠጠር ይፈልጋል፣ በጠጠሩ ውስጥ የሚያልፍ ንጹሕና አየር የበዛበት ውኃ ይፈልጋል። የጣና ወለል ባብዛኛው ደለል ነው። የፍልሰቱ ምክንያት በአጭሩ ይህ ነው።

ሐይቁና ዓሣው

ጣና ስፋቱ ወደ 3,200 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ፣ ጥልቀቱ ግን በበዛበት ስፍራ እንኳ 14 ሜትር ገደማ የሆነ ሐይቅ ነው። ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ የሚገኘው ጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታች ያለው የዓባይ ዓሣ ወደ ላይ እንዳይወጣ ይከለክላል። ከሐይቁ ወለል የተወሰደው ደለል እንደሚናገረው፣ ጣና ከ16,000 ዓመታት በፊት በነበረው ድርቅ ደርቆ ነበር፤ እንደገና የሞላው ከ15,000 ዓመት ገደማ በፊት ነው። ዛሬ በሐይቁ ያለው የነጭ ዓሣ ብዛትና ልዩነት በዚህ አጭር ዕድሜ ውስጥ የተፈጠረ ከሆነ፣ በዓለም ላይ ከታወቁት ፈጣን የዝርያ መፈጠር ታሪኮች አንዱ ይሆናል። የመራቢያ ፍልሰት ጉዳይ ከአስጋሪው ጉዳይነት አልፎ የዝግመተ ለውጥ ጥያቄ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ነጭ ዓሣ የምንለው በሳይንሳዊ ስሙ ላቤኦባርበስ የተባለው ወገን ነው። ጀርመናዊው ተጓዥ ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ የመጀመሪያዎቹን የጣና ዝርያዎች ገለጹ፤ ከእሳቸው በኋላ የመጡት እነ ቡለንገርና በ1940 ጣሊያናዊው ቢኒ ቁጥሩን አበዙት። በ1973 ኪት ባኒስተር ይህን ሁሉ ወደ አንድ አጠቃለሉት፤ የጣናውም ሆነ የሌሎቹ የኢትዮጵያ ውኃዎች በርካታ ስሞች በያኔው ስሙ ባርበስ ኢንተርሚዲየስ የተባለ አንድ ተለዋዋጭ ዝርያ ናቸው አሉ። ለ20 ዓመት ያህል የበላይነቱን የያዘው ይህ አቋም ነበር።

ሐሳቡን ያናወጡት ከኔዘርላንድ ዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ የመጡት ሊዮ ናገልከርከና ፈርዲናንድ ሲቢንግ ናቸው። በ1990ዎቹ ከሐይቁ የተያዙትን ዓሣዎች በመልካቸው፣ በአመጋገባቸውና በሚኖሩበት ጥልቀት ሲለዩ 15 የተለያዩ ዓይነቶች አገኙ። ከእነዚህ 8ቱ ዓሣ በል ናቸው። ይህ ራሱ የሚደንቅ ነው፤ ነጭ ዓሣ የሚመደብበት ቤተሰብ ዓሣ በመንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም፣ ጨጓራም የለውም፣ ሌላውን ዓሣ ለማደን በተፈጥሮው የተሰናዳ አይደለም።

ይሁንና የመልክ ልዩነት ብቻውን ዝርያ አያደርግም። ከ1980ዎቹ ጀምሮ በኢትዮጵያ የሠራው የኢትዮ–ሩሲያ የሥነ ሕይወት ተልእኮ አባላት፣ በተለይ ሚካኤል ሚናና ባልደረቦቻቸው፣ የጣናን ዓሣዎች ቅርፀ ብዙ ብለው መጥራትን መርጠው ቆይተዋል። የክርክሩ ፍሬ ነገር ይህ ነው፦ ዓይነቶቹ እርስ በርሳቸው የሚዳቀሉ ከሆነ አንድ ዝርያ ናቸው፤ የማይዳቀሉ ከሆነ ብዙ። ይህን ለማወቅ ደግሞ የት፣ መቼና ከማን ጋር እንደሚራቡ ማየት ግድ ነው።

ጉማራ ላይ የተገኘው

ናገልከርከና ሲቢንግ በ1996 ያወጡት ጥናት የዚህ መስክ መነሻ ነው። ወደ ጉማራ የሚወጡትን ዓሣዎች በክረምቱ ተከታትለው፣ ከ15ቱ ዓይነቶች ውስጥ 7ቱ በዚያ እንደሚራቡ አሳዩ፦ ጻነንሲስ፣ ብሬቪሴፋለስ፣ ትሩቲፎርሚስ፣ ሜጋስቶማ፣ አኩቲሮስትሪስ፣ ማክሮፍታልመስ እና ፕላቲዶርሰስ። ከዚያ በኋላ ፓልስትራ፣ ደ ግራፍና ሲቢንግ በ2004 ባወጡት ሥራ እነዚሁን ሰባት በጉማራና በገባሮቹ ተከታትለው ሥዕሉን አጠሩት።

ወደ ዝርዝሩ ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል። ጉማራ በሐምሌና በነሐሴ ጭቃ የመሰለ ውኃ ነው፤ ደለሉ እንቁላልን ያፍናል። ስለዚህ ዓሣዎቹ በዋናው ወንዝ ውስጥ እንቁላል አይጥሉም፤ በእርሱ በኩል ያልፋሉ እንጂ። ከሐይቁ በአሥራዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቀው፣ ከኮረብታ ወደሚወርዱት ትንንሽ ገባሮች ይገባሉ። እዚያ ውኃው ጥልቀት የለውም፣ ጥርት ያለ ነው፣ በጠጠር ላይ እየፈጠነ ይወርዳል። ዓሣው እንቁላሉንና ነባዘሩን በዚህ ጠጠር ላይ ይለቃል፤ የዳበረው እንቁላል በድንጋዮቹ መካከል ገብቶ ይቀራል። የሚፈለፈሉት ጫጩቶች ከጊዜ በኋላ ውኃውን ተከትለው ወደ ሐይቁ ይወርዳሉ።

ተመራማሪው ዓሣው መራባቱን የሚያውቀው በመራቢያ አካሉ ብስለት ነው። በጣና የተለመደው ናገልከርከ ያዘጋጁት ባለ 7 ደረጃ መለኪያ ነው። ስድስተኛው ደረጃ «ራኒንግ» ይባላል፤ ሆዱ በቀስታ ሲጫን ከሴቷ እንቁላል፣ ከወንዱ ነጭ የዘር ፈሳሽ የሚወጣበት ነው። ሰባተኛው የጣለ ዓሣ ነው፤ ሆዱ ባዶ፣ የመራቢያ አካሉ የላላ። በእኔ ግምት አብዛኛው ጭቅጭቅ የሚነሣው ከአራተኛና ከአምስተኛ ደረጃ ዓሣ ነው። በወንዝ አፍ ላይ በመረብ የተያዘ፣ እንቁላሉ ያደገ ግን ገና ያልፈሰሰ ዓሣ ምን ይመሰክራል? ለመራባት መዘጋጀቱን ይመሰክራል። ወደዚያ ወንዝ ሊወጣ መሆኑን አይመሰክርም። የወንዝ አፍ ምግብ የሚበዛበት ስፍራም ነው፤ ዓሣ በል የሆነው ዓይነት የተሰበሰቡትን ሌሎች ለማደን ሊመጣ ይችላል። ደረጃ 6 ላይ ያለ ዓሣ ከጠጠሩ ላይ ሲያዝ ብቻ ነው «እዚህ ይራባል» ማለት የሚቻለው።

በጊዜ ረገድ፣ ሰባቱ ዓይነቶች በወንዝ አፍ የሚሰበሰቡበትና የሚወጡበት ሳምንት ሙሉ በሙሉ አንድ አይደለም፤ አንዱ ቀድሞ፣ ሌላው ዘግይቶ ይመጣል። ይሁንና መደራረብም አለ። እዚህ ላይ ሌላ ልዩነት መጠበቅ አለበት። በመራቢያ ጊዜና ቦታ መለያየት አንድ ነገር ነው፤ ዘር አለመቀላቀል ሌላ ነው። የመጀመሪያው በዓይን የሚታይ ነው፣ ሁለተኛው ግን ከእርሱ የሚደረስበት ድምዳሜ ነው። ሁለት ዓይነቶች በአንድ ጠጠር ላይ በአሥር ቀን ልዩነት ቢራቡ ተለያይተዋል ማለት ይቻላል፤ ግን የመጀመሪያው ዘግይቶ ከመጣው ጋር በየዓመቱ ጥቂት በጥቂት ቢዳቀል፣ በትውልዶች ውስጥ ልዩነቱን ለማደብዘዝ ይበቃል። የ1996ቱ ጥናት ርእሱን በጥያቄ ምልክት የዘጋው በከንቱ አይደለም፤ በሐይቅ ውስጥ የዝርያ መፈጠር ምሳሌ ይሆን? ብሎ ጠየቀ እንጂ ነው አላለም። ከኋላው የመጡ ጸሐፊዎች ሲጠቅሱት ግን የጥያቄ ምልክቱን እየተዉ አልፈዋል።

የቀሩት ስምንቱ

ከ15ቱ 7ቱ ጉማራ ላይ ከተገኙ፣ 8ቱ የት ናቸው? ኢንተርሚዲየስ፣ ኔድጊያ፣ ዳይኔሊ፣ ሰርኪስ፣ ጎርጓሪ፣ ክራሲባርቢስ፣ ጎርጎሬንሲስና ሎንጊሲመስ በዚያ ወንዝ መራቢያ ላይ አልታዩም። በዚህ ዙሪያ ሁለት አቋሞች ተነሥተዋል።

የመጀመሪያው፣ እነዚህ በሐይቁ ውስጥ ይራባሉ የሚል ነው። ደ ግራፍና ባልደረቦቻቸው በ2005 ባወጡት ጽሑፍ ሐሳቡን በግልጽ አቀረቡት፤ የዚህም ርእስ ጥያቄ ነበር፦ በሐይቅ መራባት በዚሁ ቤተሰብ ትልልቅ የአፍሪካ ዓሣዎች ዘንድ አዲስ ስልት ይሆን? ክርክሩ ክብደት አለው። የእነዚህ ዓሣዎች ዘመዶች በአፍሪካ ወንዞች ሁሉ በጠጠር ላይ የሚራቡ ናቸው። አንድ ወገን ከዚህ ልማድ ወጥቶ በሐይቅ ዳር፣ በድንጋያማ ጠረፍ ወይም በተጥለቀለቀ ሣር ውስጥ መራባት ከጀመረ፣ በወንዝ ከሚራቡት የሚለየውን መንገድ አግኝቷል ማለት ነው። በአንድ ሐይቅ ውስጥ ዝርያዎች እንዴት ሊለያዩ እንደቻሉ ለሚጠይቅ ይህ ጥሩ መልስ ይሆናል። የማስረጃው ዋና ድክመት ግን የሚያርፈው በአለመገኘት ላይ መሆኑ ነው። ዓሣዎቹ በወንዝ አልተገኙም፤ ስለዚህ በሐይቅ ይሆናሉ። በሐይቁ ውስጥ የእነዚህን ዓይነቶች እንቁላል በተጣለበት ስፍራ አግኝቶ ማሳየት ሌላ ሥራ ነው፤ ክርክሩን የሚቆርጠውም እርሱ ነው።

ሁለተኛው አቋም፣ አንድ ወንዝ አይቶ ስለ ሐይቁ ሁሉ መናገር አይቻልም የሚል ነው። ይህን በተግባር ያሳዩት ዋሴ አንተነህ፣ አበበ ጌታሁን፣ እሸቴ ደጀንና ሌሎች ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ናቸው። ጥናቱን ወደ ሰሜን ወስደው በመገጭና በድርማ፣ ቀጥሎም በምሥራቅ በኩል በአርኖ–ጋርኖ ሲያካሂዱ፣ ጉማራ ላይ «የለም» ከተባሉት ውስጥ ኢንተርሚዲየስና ኔድጊያ ለመራባት ወደ ወንዝ ሲወጡ ተገኙ። ስለዚህ የስምንቱ ዝርዝር ከመጀመሪያውም የአንድ ወንዝ ዝርዝር ነበር። እኔ ከሁለቱ አቋሞች ወደዚህኛው አዘነብላለሁ፤ ምክንያቱም በመሬት ላይ የተገኘ ዓሣ ካልተገኘ ዓሣ ይልቅ ይመሰክራል። ሁሉም ስምንቱ ወንዝ ወጪ ናቸው ወደሚል ድምዳሜ ግን አያደርሰንም። ለጎርጓሪ፣ ለሰርኪስና ለመሰሎቻቸው ጥያቄው እንዳለ ነው፤ በአንድ ዝርያ ውስጥ ከፊሉ በወንዝ፣ ከፊሉ በሐይቅ ሊራባ የሚችልበት ሦስተኛ አማራጭም አለ። ቅድም የተጠቀሰው የኖርዝኮት «ብዙው ክፍል» መመዘኛ እዚህ ላይ ተመልሶ ይመጣል። ግዴታ የሆነ ፍልሰትንና እንደ ሁኔታው የሚደረግ ፍልሰትን ለይቶ መጻፍ በጣና ጥናቶች ውስጥ ገና አልተለመደም፤ ቢለመድ ብዙ ክርክር ያጠር ነበር።

ወደ ተወለዱበት ወንዝ መመለስ

አራተኛው የቃሉ ክፍል፣ በየዓመቱ ወደዚያው ስፍራ መመለስ፣ ከሁሉም ይልቅ በብድር የመጣ ሐሳብ ነው። ያበደረው ሳልሞን ነው። አርተር ሃስለርና ዋረን ዊዝቢ በ1951 ሳልሞን የተፈለፈለበትን ወንዝ ሽታ በልጅነቱ ቀርጾ ይይዛል የሚለውን ሐሳብ አቀረቡ። በ1970ዎቹ ሃስለርና ተባባሪዎቻቸው ወጣት ሳልሞኖችን ሞርፎሊን በተባለ ኬሚካል ሽታ አላምደው ወደ ሚሺጋን ሐይቅ ለቀቁ፤ ከዓመት በኋላ ዓሣዎቹ ያው ሽታ ወደተጨመረበት ጅረት ተመለሱ። ሐሳቡ በዚህ ጸና።

የፓልስትራና የባልደረቦቻቸው ጽሑፍ ይህን ለጣና ሲያነሣ እርሱም በጥያቄ ምልክት ነው። ዓሣዎቹ ወደ ተወለዱባቸው ገባሮች የሚመለሱ ከሆነ፣ አንድ ሐይቅ ውስጥ አብረው እየበሉ ዓመቱን ቢያሳልፉም በመራቢያ ሰዓት ተለያይተው ይቆያሉ፤ ዝርያዎቹ ሳይዋሐዱ የቆዩት እንዴት ነው ለሚለው መልስ ይገኛል። ነገር ግን እዚህም ሁለት ነገሮች መለየት አለባቸው። አንደኛው ወደ ተፈለፈሉበት ስፍራ መመለስ ነው። ሁለተኛው አምና ወደራቡበት ስፍራ መመለስ ነው፤ ያም ስፍራ የትውልድ ቦታ ላይሆን ይችላል። ብዙዎቹ የሳልሞን ዝርያዎች አንዴ ተራብተው ስለሚሞቱ ይህ ልዩነት ለእነርሱ ትርጉም የለውም። ነጭ ዓሣ ግን በሕይወቱ ደጋግሞ ይራባል፤ ለእርሱ ልዩነቱ ወሳኝ ነው። በዚያ ላይ ሦስተኛ ዕድል አለ፤ ዓሣው ቅርብ ወደሆነው ወይም ጥሩ ጠጠር ወዳለው ወንዝ የሚሄድ ከሆነ፣ ከውጭ ሲታይ መመለስ ይመስላል እንጂ ትዝታ የለበትም።

ሦስቱን ለመለየት ዓሣዎችን በጠጠሩ ላይ ምልክት አድርጎ በሚቀጥሉት ዓመታት መያዝ፣ ወይም በዓሣው የጆሮ ድንጋይ ውስጥ በየጊዜው የሚከማቸውን ንጥረ ነገር መመርመር ያስፈልጋል። የጆሮ ድንጋዩ እንደ ዛፍ ግንድ ቀለበት በቀለበት ያድጋል፤ ከመካከሉ ያለው ኬሚካል ጫጩቱ ያደገበትን ውኃ ይናገራል። ገባሮቹ የሚፈሱበት ዐለት በኬሚካሉ በበቂ ሁኔታ የሚለያይ ከሆነ፣ የእያንዳንዱን ዓሣ የትውልድ ወንዝ ከራሱ አካል ማንበብ ይቻላል።

የዘር ምርመራው ምን አለ?

በመራቢያ ቦታ ያልተፈታውን በዘር ለመፍታት የተደረገው ሙከራ ሁለት ዓይነት መልስ ሰጥቷል። ከእናት ብቻ የሚወረሰው ማይቶኮንድሪያል ዘር በዓይነቶቹ መካከል ያለው ልዩነት በጣም ጥቂት ነው፤ ይህ ለወጣት ወገን የሚጠበቅ ነው፣ ግን ለሚዳቀል ወገንም ይጠበቃል። በሌላ በኩል በ2005 የታተመው የክሩይስቫይክና የተባባሪዎቻቸው ጥናት፣ በሽታን የመከላከል ሥራ ያላቸው የተወሰኑ ዘረ መሎች በተመረመሩት ዝርያዎች መካከል ሙሉ በሙሉ የተለያዩ ሆነው አገኛቸው። ይህ ለመለያየት ወገን ብርቱ ምስክር ነው። ሥራውን የሚያወሳስበው ነገር ደግሞ፣ እነዚህ ዓሣዎች እንደ አብዛኛው እንስሳ ሁለት ሳይሆን ስድስት የክሮሞሶም ስብስብ፣ በድምሩ ወደ 150 ክሮሞሶም ያላቸው መሆኑ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ክርክሩን ያሰፋው ከጣና ውጭ የመጣው ነው። ሌቪን፣ ጎሉብፆቭና ባልደረቦቻቸው በ2020 ባወጡት ጥናት፣ በገናሌና በሌሎች የኢትዮጵያ ደጋ ወንዞች ውስጥም ላቤኦባርበስ በየራሱ ወደ ተለያዩ ቅርጾች እንደተከፋፈለ አሳዩ። በእነዚህ ስፍራዎች ሐይቅ የለም። ስለዚህ ከሐይቅ ወደ ወንዝ መውጣት ለዝርያ መከፋፈል ቅድመ ሁኔታ ነው ማለት ይከብዳል። ይህ የጣናን ፍልሰት አያስተባብልም፤ ግን የተጫነበትን ሸክም ያቀልለታል። ልዩነቱን ጠብቆ ያቆየው ፍልሰቱ ሊሆን ይችላል፤ የፈጠረው ግን አመጋገብ ሊሆን ይችላል። መፍጠርና ጠብቆ ማቆየት በብዙ ጽሑፎች አንድ ላይ ተጽፈዋል።

መረብ፣ ብርብራና ግድብ

ይህ ሁሉ የቃላት ክርክር በመሬት ላይ ዋጋ ያስከፍላል። በጣና ዘመናዊው የዓሣ ሥራ በ1986 በሞተር ጀልባና በናይለን መረብ ተጀመረ፤ ከዚያ በፊት የነበረው በታንኳ፣ በጠረፉ አካባቢ ብቻ ነበር። ደ ግራፍና ባልደረቦቻቸው በ2004 እንዳሳዩት፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያና መጨረሻ መካከል በወንዝ የሚራቡት ዓይነቶች ምርት በክብደት 75 በመቶ፣ በቁጥር 80 በመቶ ቀነሰ። የትንንሾቹ ዓሣዎች ቁጥር ከዚህም የባሰ፣ ከ90 በመቶ በላይ ወረደ። ትልልቁ ብቻ ቢቀንስ በሐይቁ ውስጥ አብዝቶ ከመያዝ የመጣ ነው በተባለ ነበር። ትንሹ መጥፋቱ ግን ችግሩ መራባቱ ላይ መሆኑን ይጠቁማል፤ እናቶቹ ወደ ጠጠሩ ሳይደርሱ በወንዝ አፍ ይያዛሉ።

ተመሳሳይ ነገር ከዚህ በፊት ደርሷል። በቪክቶሪያ ሐይቅ ኒንጉ የተባለው የላቤዮ ዝርያ ለመራባት ወደ ወንዝ ሲወጣ በወንዞቹ አፍ በተዘረጋ መረብ እየተያዘ በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ተመናመነ። የፊሊፒንሱ ላናዎ ሐይቅ በአንድ ወቅት እንደ ጣና በነጭ ዓሣ ቤተሰብ ዝርያዎች የታወቀ ነበር፤ በ2020 ከእነርሱ ውስጥ 15ቱ መጥፋታቸው በይፋ ተመዘገበ። እዚያ ዋናው ምክንያት ከውጭ የገቡ ዓሣዎች ነበሩ። በዚህ ረገድ ጣና ዛሬ ብቻውን የቀረ ያህል ነው።

በጣና ገባሮች ከመረብ ሌላ ብርብራ አለ። የብርብራ ዛፍ ፍሬ ደርቆ ይወቀጥና ዱቄቱ ወደ ውኃው ይበተናል፤ ዓሣው ደንዝዞ ወደ ላይ ይንሳፈፋል፣ በእጅ ይለቀማል። ቀላል፣ ርካሽና ከጥንት የመጣ ዘዴ ነው። ጉዳቱ የሚከፋው ጥርት ባለና ጥልቀት በሌለው ገባር ላይ ሲደረግ ነው፤ ምክንያቱም በዚያ ያለው ዓሣ ደረጃ 6 ላይ የደረሰው ነው፣ በጠጠሩ ውስጥ ያለው ጫጩትም አብሮ ያልቃል። የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315/2003 ዓሣን በመርዝ ማስገርን ይከለክላል። ክልከላውን በክረምት፣ መንገድ በሌለበት ገባር ላይ ማስከበር ግን አስጋሪውንና ገበሬውን ከጎን ሳያሰልፉ አይሆንም።

ጥበቃው የቱን እንደሚጠብቅ የሚወሰነውም በትርጉሙ ነው። ፍልሰት ማለት በወንዝ አፍ መሰብሰብ ከሆነ፣ በነሐሴና በመስከረም የወንዝ አፎችን ከመረብ ነፃ ማድረግ ይበቃል። ሽቅብ መጓዝ ከሆነ ዋናው ወንዝ ራሱ መከበር አለበት። መጣል ከሆነ ደግሞ ገባሩ፣ ጠጠሩና አሸዋው፤ ከወንዝ አሸዋና ጠጠር ለግንባታ የሚያወጣው መኪና የዓሣ ጉዳይ ይሆናል። ወደ ትውልድ ቦታ መመለስ ካለ ደግሞ እያንዳንዱ ገባር የራሱ ሕዝብ አለው፤ አንዱ ሲበላሽ ሌላው አይተካውም። በሐይቅ የሚራቡ ካሉም ጠረፉና የፎገራ ሜዳ ረግረግ፣ ከ2011 ጀምሮ የእምቦጭ አረም የወረረው የሰሜን ምሥራቅ ዳርቻም ጭምር፣ መራቢያ ስፍራ ናቸው።

በጣም አስቸኳዩ ግን ግድቡ ነው። በርብ ላይ ለመስኖ የተሠራው ግድብ ውኃ ይዟል፤ በመገጭም ላይ ግንባታ ተጀምሯል። ግድብ ሲነሣ ወዲያው የሚጠየቀው ዓሣው ሽቅብ የሚወጣበት መተላለፊያ ነው፤ ጥያቄው ትክክል ነው፣ ግን ጎዶሎ ነው። ከግድቡ በታች ያለው ጠጠርም የሚኖረው የክረምቱ ጎርፍ ደለሉን እያጠበለት ነው፤ ጎርፉ በግድብ ከታሰረ፣ ዓሣው ሳይከለከል ደርሶ እንኳ የሚጥልበትን ጠጠር ተደፍኖ ያገኘዋል። በመጸው ወደ ሐይቁ የሚወርደው ጫጩት ደግሞ ራሱን ችሎ የማይዋኝ፣ ውኃው የሚሸከመው ነው፤ ከግድቡ በላይ ከተፈለፈለ በረጋው ውኃ ውስጥ ይቀራል፣ ከታች ከተፈለፈለም በመስኖ ቦይ ተጠልፎ ወደ ማሳ ይገባል። በወንዙ ውስጥ በነሐሴ፣ በመስከረምና በጥቅምት ምን ያህል ውኃ መለቀቅ እንዳለበት የሚወስነው አካል፣ ከገበሬው የመስኖ ፍላጎት ጎን የዚህን ጫጩት የመውረጃ ሳምንት የሚያሳይ መረጃ ያስፈልገዋል፤ ለዚያ ደግሞ ከግድቡ በላይና በታች፣ በየሳምንቱ፣ በተከታታይ ዓመታት በመረብ የተያዘ የጫጩት ቆጠራ መኖር አለበት።